ሁለተኛው «በሞቴ»

ትርንጎ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቼክኛና ስሎቫክኛ ልትማር ነው የተባለ ጊዜ፣ እዚያ ያለነው ሐበሾች ለአንድ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረንም። ነርስነት ወይም ሂሳብ አያያዝ ቢሆን ሰው ይገባው ነበር። ዋሲሁን የሚባል የትራም ሾፌር፣ የታወቀ ቀልደኛ፣ «ቼክ ከሆነማ የሚመነዘረውን ተማሪ!» አላት። እሷም ሳቅ ብላ አለፈችው። በዚያ ዘመን ለመልስ የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም።

ነገሩ የተጀመረው ጄኔቫ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ግርግር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ከሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ በሞግዚትነት መጣች፤ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈርም አንድ የስሎቫክ ዲፕሎማት ቤት አራት ዓመት ሠራች። ሁለቱን ልጆች ስታበላና ስታስተኛ ቋንቋቸው ሳታስበው አፏ ውስጥ ገባ። ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ብራቲስላቫ ሲመለስ ቋንቋው እሷ ዘንድ ቀረ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ ዙሪክ ገባች። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ሰሃን እያጠበች ጀርመንኛውን ተማረች፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ አመለከተች። «ምነው እሱን መረጥሽ?» ላሏት ሁሉ፣ «ሌላውን ከዜሮ ልጀምር ነው፤ ይኼን ግን ግማሽ መንገድ ሄጄበታለሁ» ትል ነበር።

ግማሽ መንገድም አልነበረም። የምታውቀው የሕፃን ስሎቫክኛ ነው፦ ሾርባህን ጨርስ፣ ካልሲሽ የታለ፣ አፍንጫህን ጥረግ። ስለ አገሩ ታሪክ ድርሰት ጻፊ ስትባል ንጉሡም ጳጳሱም ከእራት በፊት እጃቸውን የሚታጠቡ ይመስሉ ነበር። ቼክኛው ደግሞ የስሎቫክኛ ዘመድ ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ፈተና ላይ ግን ይኸው ዝምድና መከራ ሆነባት፤ አንዱን ስትጠራው ሌላው አቤት ይላል።

ጧት ወጥ ቤት ናት፤ ከቀትር በኋላ ክፍል። ሳሙና የላጠው እጇ ደብተሩ ላይ እንደተዘረጋ እንቅልፍ ይወስዳታል። ዶክተር ኮቫቾቫ የሚባሉ ሽበታም የስሎቫክኛ መምህርት ነበሩ፤ የሩሲያ ታንክ አገራቸው የገባ ጊዜ በወጣትነታቸው የተሰደዱ ናቸው። ትርንጎ ስታንቀላፋ ሲያዩ አይቀሰቅሷትም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉላታል። የእሷ ምኞት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ለአንድ ሴሚስተር እንኳ ሰሃን ሳታጥብ መማር።

በሦስተኛው ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ቢሮው አስጠራት። ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰዓት አክባሪ ሰው።

«ብራቲስላቫ ለአንድ ሴሚስተር አንድ ተማሪ እንልካለን» አላት። «ማደሪያውም ምግቡም ይከፈላል። እርስዎን አስቤ ነበር። ይፈልጋሉ?»

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን በልጅነቷ የተማረውን ተናገረ።

«ኧረ ይቅርብኝ፤ ለሌሎቹ ይሁን። አመሰግናለሁ።»

«ይገባኛል» አለ ፕሮፌሰሩ፤ ተነሥቶም ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። «ሌላ ጉዳይ አለ?» አላት። «የለም» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ባቡር ተሳፍራ ጄኔቫ ወረደች። መቅዲ የኦ ቪቭ ዘመን ጓደኛዋ ናት፤ እዚያው ካሩዥ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ትኖራለች። ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ምግብ አቀረበችላት።

«በልቼ ነው የመጣሁት» አለች ትርንጎ።

«በሞቴ!»

በላች። እየበላችም የሆነውን ነገረቻት።

«እና እምቢ አልሽው?» አለች መቅዲ።

«እምቢ አላልኩም። ይቅርብኝ ነው ያልኩት።»

«ለፈረንጅ ምን ለየው?»

«ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ!»

መቅዲ በሳቅ ወደቀች። ወዲያው የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ አገር ሁለተኛ በሞቴ የለም። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማዳም ምሳ በልተሻል ወይ ብትለኝ፣ በልቻለሁ ብዬ ጦሜን የዋልኩትን ረሳሽው? ሰኞ ሂጂና እፈልጋለሁ በይው።»

«ይቅርብኝ ያልኩትን ሰውዬ? አላፍርም?»

«ታፍሪያለሽ። እያፈርሽ ጠይቂ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?»

«ደጃዝማችነቱስ ይቅር» አለች ትርንጎ፤ «እንቅልፍ ባገኝ።»

ሰኞ እያፈረች ሄደች። ፕሮፌሰሩ ሰምቷት ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ። ዕድሉ ዓርብ ዕለት ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል።

«ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«በአገሬ ሰው ሲጋብዝ ቶሎ እሺ አይባልም።»

«በእኛ ደግሞ አይሆንም ያለን ሰው መልሶ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው» አለ፤ ከልቡም አዝኖ ነበር። «ለሚመጣው ዓመት አንድ ቦታ ይኖራል። ስምዎን ልያዘው?»

«ኧረ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣች። ትርንጎ በፊቷ የተቀመጠውን የአንድ ዓመት ሰሃን አሰበች፤ ቃሏንም ዋጠቻት።

«አዎ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ኮቫቾቫ ቆመው ነበር፤ ወሬው ደርሷቸዋል። ክንዷን ያዝ አድርገው በስሎቫክኛ፣ «እናቴ ሦስት ጊዜ ሳትለመን ማንም ቤት እህል አትቀምስም ነበር» አሏት። «እኔም እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን እንደሷ ስል ተርቤ ከረምኩ። ቢነግሩኝ ኖሮ መልሼ እጠይቅሽ ነበር፤ የኔ ልጅ።» ትርንጎ ልታለቅስ ነበር፤ የሥራ ሰዓቷ ደረሰና ወደ ወጥ ቤቷ ሄደች።

ያ ዓመት እንደምንም አለቀ። ለጉዞዋ ጥቂት ቀን ሲቀራት ልትሰናበት ካሩዥ መጣች። መቅዲ ጭልፋውን አንሥታ «ትበያለሽ አይደል?» አለቻት።

«አዎ» አለች ትርንጎ፤ ሰሃኗንም ዘረጋች።

መቅዲ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ምን ሆንሽ አንቺ? በሞቴ እንኳ ሳልልሽ?»

ትርንጎ አየቻት። ሰሃኗን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

«በልቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«በሞቴ!»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«አፈር ስሆን!»

ያን ጊዜ በላች። ሳትጨርስም እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። መቅዲ አልቀሰቀሰቻትም። ሰሃኑን ከፊቷ ቀስ ብላ አነሣችና ድምፅ ሳታሰማ አጠበችው።