ሳንጣራ ያደርንበት አውድማ

ትናንት ጠዋት አንዲት አሮጊት ፍየላቸውን እንድተውላቸው ለመኑኝ። ቀማኛ መስዬአቸው ነበር... እንዲህ እንዲያስቡ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ከትናንት በስቲያ ከአጎቴ ጋር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነበር። በአዲሱ ጎዳና የጣሊያን የጭነት መኪና ስለሚበዛና በቅሏችን ስለምትደነብር፣ በቀድሞው የእግር መንገድ ሄድን። አጋማሹን እንዳለፍን በቅሎዋ አነከሰች፤ ፀሐይም ጠለቀች። ከአንድ ብቸኛ ቤት በታች፣ እህሉ ተወቅቶ በተነሣበት አውድማ ዳር ጭነታችንን አራገፍን።

አጎቴ ወደ ቤቱ ዞረው ሊጣሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። የመሸበት መንገደኛ ከሩቅ ቆሞ «ቤቶች! እንግዳ ነን!» ሳይል በሰው ደጅ እንደማያድር አውቃለሁ። ነገር ግን የራሴ ሐሳብ ነበረኝ።

«ጋሼ፣ ከተጣራን የራሳቸውን እራት ያቀርቡልናል፤ መደባቸውንም ይለቁልናል። በዚህ የችግር ዘመን የድኻን ቤት ማራቆት ግፍ አይደለም?»

«ሳይጣሩ ማደርስ ምን ሊባል ነው አንቺ ልጄ?»

«ምንም ሳንነካ አድረን፣ ጠዋት አመስግነን እንሄዳለን።»

አጎቴ መጽሐፍ በማንበቤ ስለሚኮሩብኝ ብዙ ጊዜ ይሸነፉልኛል። አሁንም ፊታቸውን ከቤቱ መለሱ።

እኔም በቃሌ ጸናሁ። እሳቱን ከጭዱ ክምር አርቄ፣ ዙሪያውን ሣሩን ነቅዬ በድንጋይ ከበብኩት። ውኃ የቀዳሁት የቤቱ ሰዎች ከሚቀዱበት ወደ ታች ወርጄ ነው፤ የእነርሱ እንዳይደፈርስ። እንቅልፋቸውን እንዳናውክም በሹክሹክታ ብቻ እንድንነጋገር አደረግሁ። አጎቴ ሲያስሉ እንኳ «ቀስ ይበሉ» አልኳቸው።

«ሳሉ እንኳ አልተፈቀደም?» አሉኝ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እየጫኑ።

በራሴ ተደስቼ ተኛሁ።

ጠዋት ፍሙን በውኃ አጠፋሁ፤ ዐመዱን ቀበርኩ፤ የበቅሎዋን ፋንድያ ሳይቀር ጠረግሁ። ከዚያ ባለቤቶቹን ላመሰግን ወደ ቤቱ ወጣሁ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምድጃው ላይ ውኃ ተደፍቶበት ዐመዱ ጭቃ ሆኗል። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«ጎታው ያውልሽ» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። «ያለውን ውሰዱ። ፍየሏን ግን ለአራሷ ተዉልን፤ በነቢ ይዤሻለሁ።»

«እማማ፣ እኛ እኮ መንገደኞች ነን።»

«መንገደኛማ ይጣራል።»

«አራሷ የት አለች?» አልኩ።

«በማታው ከልጄ ጋር ወደ ገደሉ ወርደዋል። አርባዋም አልወጣ። እኔ እግሬ እምቢ ብሎኝ ቀረሁ።»

ሮጬ ለአጎቴ ነገርኳቸው። እርሳቸውም ከቤቱ ጀርባ ቋጥኙ ላይ ወጥተው፣ ማታ ያስቀረሁባቸውን ጥሪ ወደ ገደሉ ለቀቁት። ደጋግመው ተጣሩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰና አንድ ገበሬ ዱላውን እንደያዘ ብቅ አለ፤ የአሮጊቷ ልጅ ሰይድ ነው። ሚስቱ ዘሃራ ጤዛ ባራሰው ጋቢ ተጠቅልላ ተከተለችው። ሕፃኑ ጉያዋ ውስጥ ነበር። አያለቅስም።

አጎቴ ክብሪታቸውን አውጥተው ምድጃውን እንደገና አያያዙ። እኔ የሕፃኑን እጅ ነካሁ... እንደ ጠጠር ቀዝቅዟል።

«ሌሊቱን ሙሉ እንዳያለቅስ ጡቴን አፉ ላይ ጭኜ ነው ያደርኩት» አለች ዘሃራ፤ ለማንም ሳይሆን ለእሳቱ የምትናገር ትመስል ነበር።

ጡቷን ሰጠችው፤ አልያዘም። እግሩን በመዳፏ እያሸች ቆየች። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ጸሎት መጻፍ አልችልም። በኋላ ሕፃኑ አፉን አጣሞ አንድ የተቆጣ ጩኸት ጮኸ፤ ጡቱንም ያዘ። አሮጊቷ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሰይድ ዱላውን አስቀመጠና ወደ አጎቴ ዞረ። «ጋሼ፣ ሁለት ሰው እሳት አንድዶ ሲንሾካሾክ ሳይ፣ የቀሩትን እየጠበቁ ነው አልኩ። የጎረቤቴን በሬዎች የነዱት እንዲሁ ድምፃቸውን አጥፍተው መጥተው ነው። ለምን አልተጣራችሁም?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደክሞኝ...» ብለው አጎቴ ጀመሩ።

«የከለከልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዳናስቸግራችሁ ብዬ ነው።»

ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች። «ሰሙ እማ? እንዳያስቸግሩን ብለው ነው።»

«ወይ ጉድ» አሉ አሮጊቷ። «ሊያስቸግሩን ቢያስቡማ ምን ሊያደርጉን ኖሯል?»

ሰይድ ሳቀ። አጎቴም፣ ምንም ቢያፍሩ፣ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የባሰው ግን ከሳቁ በኋላ መጣ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ አጎቴን ይቅርታ ጠየቀ። «እንግዳ ደጄ ላይ ብርድ ሲመታው አደረ። አላህ አይቁጠርብኝ» አለ። ሌሊቱን ገደል ውስጥ ያደረው ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አጎቴ «ኧረ አንተ ልጅ፣ እኛን አሳፈርከን» አሉት።

ንፍሮ ቀረበ፤ ፍየሏም ታለበች። ላድነው የፈለግሁት የድኻ ምግብ ሁሉ ፊቴ ተደረደረ። ዘሃራ ሕፃኗን ይዛ ፈቀቅ አለችና ከእሳቱ አጠገብ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችልኝ።

«ነይ እታለም፣ አንቺም ብርድ መቶሻል።»

ሄጄ ተቀመጥኩ... እምቢ ማለት ሌላ ነውር እንደሚሆን ቢያንስ እርሱ ገብቶኝ ነበር።