ከምዘናው በኋላ ይነገራት

ዓይናዲስን በሕይወቷ እንደዚያ ዓመት የተንከባከባት ሰው የለም። ጎንደር ከተማ ዳር ችግረኛ ወጣቶችን እያሳደረ ሙያ የሚያስተምር ማሠልጠኛ አለ፤ ከትክል ድንጋይ ማዶ ካለው መንደሯ መጥታ ልብስ ስፌት ክፍል የገባችው ጥቅምት ላይ ነበር። ትምህርት ቤታቸው በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ ከስምንተኛ ክፍል ሳታልፍ ቀርታ፣ ዕድሜዋ ወደ ሃያ ተጠግቷል። ማሠልጠኛው አልጋ ይሰጣል፣ ያበላል፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ደግሞ የብቃት ምዘናውን ላለፈች ሁሉ አንድ አንድ የስፌት መኪና ይሰጣል ተብሏል። ልቧን የወሰደው መኪናው ነው።

ሐሳቧ አጭርና ግልጽ ነበር። ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ካንዱ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዋን ታቆማለች፣ አንዲት ክፍል ትከራያለች፣ እናቷን ታየችን ታመጣለች። ታየች ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ደረቷን ያማታል፤ ብርድ ሲገባ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪም ቤት በሚቀርብበት ቦታ ብትኖር ትድናለች ብላ ዓይናዲስ ከልቧ ታምን ነበር። ትዳን አትዳን እኔ አላውቅም፤ ልጅቱ ግን ለዚህ ብላ ነው ጣቷን በመርፌ ስትወጋ የከረመችው።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። እናቷ ስልክ የላትም፤ ስልክ ያለው የእናቷ ወንድም አያ ላቀው ነው። ኔትወርክ የሚገኘውም ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። አያ ላቀው ከቅዳሴ መልስ እህቱን ይዞ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ታየች ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ይዛ ትጮኻለች፤ ልጇም ትስቅባታለች። ከጥምቀት በኋላ ግን አያ ላቀው ብቻውን መውጣት ጀመረ። እናትሽ ጠበል ገብታለች አላት። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ደረቷ ሸጋ እየሆነላት ነው፤ አንቺ ብቻ ትምህርትሽን አጥብቂ። ዓይናዲስ ደስ አላት። ጠበል የገባ ሰው ወርም ሁለት ወርም ቢቆይ ማን ይጠረጥራል?

ታየች ጥር ሳያልቅ ሞተች።

በእኛ አገር ርቆ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ በማለዳ ይነገረዋል፣ የሚደግፉት ሰዎችም አጠገቡ ይቆማሉ። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ፈተናው እስኪያልፍ ይጠበቃል። አያ ላቀውም ጎንደር መጥቶ የማደሪያውን ኃላፊ እትዬ ፍቅርተማርያምን አነጋገረ። ምዘናው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ትቆይ፣ ከምዘናው በኋላ ይነገራት ተባባሉ። አንድ ወር ምን አላት ብለው።

አንድ ወር ብቻ ሆኖ አልቀረም። የካቲት ላይ መንገድ ተዘግቶ መዛኞቹ ሳይመጡ ቀሩ። ሚያዝያ ተባለ፤ ሚያዝያም ሳይሆን ቀረና ወደ ሰኔ ተላለፈ። ምዘናው በተገፋ ቁጥር መርዶውም አብሮ ተገፋ። የታየች ተዝካር ተደግሶ ተበላ፤ ልጇ ጎንደር ቁጭ ብላ ኮሌታ ትገጥማለች።

ያን ያህል ሴት ልጅ አብሮ በሚያድርበት ቤት ምስጢር አይቆይም፤ ከዓይናዲስ በቀር ሁሉም ሰማ። የፅዳት ተራዋ ሲደርስ ሌላዋ ቀድማት ትጠርጋለች። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ጭልፋውን ሞላ ያደርጉላታል። የስፌት አስተማሪው ምናለ፣ ለማንም ፊት የማይሰጠው ሰውዬ፣ ያጣመመችውን ስፌት ራሱ እየፈታ ያቃናላት ጀመር። እሷ ይህን ሁሉ የጠባይዋና የጉብዝናዋ ውጤት አደረገችው። አንድ እሑድ ለአያ ላቀው፣ እዚህ በጣም ወደውኛል፣ ለእናቴ ይንገሩልኝ አለችው። እነግራታለሁ አላት።

ጎን ለጎን የምትተኛው ፈህሚያ ግን አልቻለችም። ፈህሚያ ከአራዳ ነጋዴዎች የተወለደች፣ እናትና አባቷን በልጅነቷ የቀበረች ልጅ ናት። እትዬ ፍቅርተማርያም ዘንድ ገብታ፣ ወይ ይነገራት ወይ እኔን ሌላ ክፍል ውሰዱኝ አለች። እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እያለቀሱ ነው የመለሱላት። አሁን ከሰማች ምዘናውን ጥላ ትሄዳለች፣ መኪናው ይቀርባታል፤ እናቷንም መኪናውንም አጥታ ምን ልትሆን ነው አሏት። ፈህሚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ከዓይናዲስ ጎን ተኛች።

ሰኔ ላይ መዛኞቹ መጡና ዓይናዲስ አለፈች። በምረቃው ዕለት እንግዶች ተጋብዘው ንግግር ተደረገ፣ የምስክር ወረቀት ታደለ። መኪናዎቹ ግን የሉም። ሥልጠናው ከታሰበው በላይ ስለተራዘመ ለመኪና የተያዘው ገንዘብ ለሠልጣኞች ቀለብ ውሏል ተባለ። በልታችሁታል ማለታቸው ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና አጨበጨቡ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዓይናዲስ ስትነቃ የክፍሏ ልጆች ሁሉ ለባብሰው ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በሩ ላይ አያ ላቀውና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባት። ፈህሚያ ከኋላዋ አቀፈቻት፤ ጩኸቷም ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ።

ረፋድ ላይ፣ ድምፅዋ እንደ መመለስ ሲል፣ መቼ እንደሆነ ጠየቀች። በጥር አላት አያ ላቀው፤ ተዝካሯንም ሸጋ አድርገን አውጥተናል፣ የቀረባት የለም።

«ጠበል የገባችውስ?»

አያ ላቀው እውነቱን ተናገረ። ታየች ጠበል አልገባችም። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ቤቷ ተኝታ ነበር።

«በሕይወት እያለች ነው እንዲያ ያሉኝ?»

«መንገዱ አስጊ ነበር። አንዴ ከማሠልጠኛው ከወጣሽ አይመልሱሽም፣ ትምህርቱ ይቀርብሻል ብለን ፈራን።»

«አልጠራችኝም?»

አንደኛው ሽማግሌ ይብቃ ለማለት እጁን አነሣ። አያ ላቀው ግን ብዙ ወር ዋሽቶ ደክሞታል።

«ጠርታሻለች» አላት። «ነፍሷ እስክትወጣ ስትጠራሽ ነበር።»

ዓይናዲስ ያን ቀን ዳግም አላለቀሰችም። እኔ በዚህ ነገር የሚወቀስ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ፤ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው። ሁሉም ለእሷ ብሎ ነው ያደረገው። አንድ ሰው ክፉ ቢሆንባት ኖሮ እናቷን በዓይኗ አይታ ትቀብር ነበር።

ሰኞ አዲስ ሠልጣኞች ስለሚገቡ አልጋው ተፈለገ። እትዬ ፍቅርተማርያም በታላቅ ሐዘን፣ አቅፈው እየሳሙ ነገሯት። ጎንደር የምታውቀው ሌላ ቤት ስላልነበራት ከአያ ላቀው ጋር ወደ መንደሯ ተመለሰች። የእናቷን ቤት የአያ ላቀው ልጅ አግብቶ ገብቶበታል፤ ሙሽራዋ ደንገጥ ብላ ተነሣችላትና እንደ እንግዳ አጎዛ አነጠፈችላት።

የመንደሩ ሴቶች ወጉን ለማድረስ መጡ። ከበዋት አለቀሱ፤ ነገር ግን የታየችን ልቅሶ ከጨረሱት ቆይተዋል፣ ወሩም የዘር ወር ነው። ደመናው መክበድ ሲጀምር አንድ በአንድ እግዜር ያጽናሽ እያሉ ወደ ማሳቸው ሄዱ። ዓይናዲስ ልቅሶውን ገና መጀመሯ ነበር።