ጎደሎ ነው ባዩ አቶ ዓባይነህ

አቶ ዓባይነህ ሰው ሲያመሰግን የሰማ በሰበታ ካለ ወጥቶ ይመስክር። ጣልያን ከወጣ ማግስት ጀምሮ ከወረዳው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከዋርካው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ባለጉዳይ ቀርቦ «ጌታዬ፣ ወንድሜ መሬቴን…» ብሎ ገና ሲጀምር፣ «እሱን አልጠየቅሁህም! ከመቼ ጀምሮ ነው? ማን አየ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። በኦሮምኛ የጀመረም ቢሆን አያመልጥም። «ዱቢ ኬ ገባብሲ!» ይለዋል፤ ነገርህን አሳጥር ማለቱ ነው። ሰዉ እየተሰደበም ከሱ አይርቅም ነበር፤ እሱ የጻፈው ማመልከቻ ዳኛ ፊት ወድቆ አያውቅም ይባላልና። ይህን ራሱም በደንብ ያውቃል።

ምላሱን የሳለው ጎጃም ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ኮቸሮ ለምኖ፣ በየደጁ ከውሻ ጋር ታግሎ ተምሯል። የዚያ ቤት ሥርዓት አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እዚያ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል። የማይረባውን መምህሩ «ደኅና ነው፣ ሂድ» ብሎ ያሰናብተዋል፤ ለሱ ምራቅ ማባከን ምን ይሠራል? ተስፋ ያለበትን ግን በተማሪው ሁሉ መሐል አቁሞ፣ ቃል በቃል እየነቀሰ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይዘለዝለዋል። እንዲያ የተዘለዘለ ተማሪ ማታ ጎጆው ሲገባ ጓደኞቹ ይቀኑበታል። «ይበል!» የምትባለዋ የምስጋና ቃል ደግሞ ከመምህሩ አፍ እንደ ዝናብ በበጋ ነው የምትጠፋው። አቶ ዓባይነህ አንድ ጊዜ ተብሎለት ነበር፤ በዚያችው እየሞቀ ነው ያረጀው።

ሚስቱ የሺወርቅ ቅኔ ቤት አልዋለችም። ወጥ ስትሠራ «ጨው ጎድሎታል» ይላታል፤ ቤት ስታሳምር «መጋረጃው ተንጋዷል» ይላታል፤ ለዓመት በዓል አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ስትቆም ጥለቱን አይቶ «ጠበበ» ይላታል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ትስቃለች። ዓመት ካለፈ በኋላ ፈገግ ብቻ ትላለች። ኋላ ኋላ ፈገግታውንም ተወችው። እሱ ግን ትዳሩ የሰመረ መስሎት ይኖር ነበር።

ከሷ ሙሉዬ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ሙሉዬ ፊደል ከአባቷ ቆጠረች፤ አድጋም በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ከልጅነቷ ጀምሮ መጻፍ ነበር ሥራዋ፤ አንድ ቀን ጽሑፏ ታትሞ፣ የማታውቀው ሰው ሲያነበው ማየት ነበር ሕልሟ። የጻፈችውን ሁሉ ለአባቷ ታቀርባለች። እሱ እስከ መጨረሻው ያነበዋል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ «ጎደሎ ነው» ይላል።

«ምኑ ነው የጎደለው አባባ?»

«እሱን አንቺ ፈልጊው።»

ሌላ ነገር አይጨምርም። «ደኅና ነው» ብሎ አንድም ቀን አላሰናበታትም፤ በልቡ ይህ ትልቅ ክብር ነበር። ልጅቱ ክብሩን ከየት ታውቀው? ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች፣ እናቷ ትሰማለች።

የሺወርቅ በሳንባ ነቀርሳ ማቀቀች። የሞተች ዕለት ጠዋት ቀለል ብሏት ስለነበር አቶ ዓባይነህ እንደ ልማዱ ከዋርካው ሥር ዋለ። ሰው ጠርቶት እየሮጠ ሲገባ አልቋል። ልጁን መጀመሪያ የጠየቃት «ምን አለች?» ብሎ ነበር።

«ምንም አላለችም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ አባባ።»

የአገሩን ሰው ኑዛዜ ሁሉ ሲጽፍ ለኖረ ሰው፣ የገዛ ሚስቱ አንዲት ቃል ሳትተውለት መሄዷ አንገበገበው። ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላም፣ ከዓመትም በኋላ፣ እራት ላይ ድንገት ቀና ይልና «ምንም?» ይላታል። «ምንም» ትለዋለች። ከዚያ ወዲህ ሙሉዬ አንድም ጽሑፍ አሳይታው አታውቅም። መጻፉን የተወች መሰለው፤ ይህም ሌላ ንዴት ሆነበት፣ ተስፋ የጣለባት ተማሪ ጥላው የኮበለለች ያህል።

ነገሩን ያፈረጠው ኦቦ ባይሳ ነው። ኦቦ ባይሳ ጎረቤታቸው፣ ባለወፍጮ፣ በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ ነበር። የሃምሳዎቹ ማለቂያ ላይ፣ በአንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ዱቄት እንደለበሰ ወደ ዋርካው መጣ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አቶ ዓባይነህ? እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ ቅዳሜ በጉባኤው ልታነብ አይደል?»

«የምን ጉባኤ?»

«የክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ ነዋ። ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከአዲስ አበባም ይመጣሉ። አዲስ ጀማሪዎችን ለማበረታታት ነው። ኦርቶዶክሱም ሌላውም ተጠርቷል፤ ጥሩ የተባለው ጽሑፍ በመጽሔት ይታተማል።»

«ማበረታታት!» አለ አቶ ዓባይነህ፣ ቃሉን እንደ ተበላሸ ለውዝ ተፍቶ። «ኦቦ ባይሳ፣ እርስዎ ገበሬ ነበሩ። ወይፈን የሚያርሰው ቀንበር ተጭኖበት ነው ወይስ ተጨብጭቦለት?»

«በዋቃ፣ ሰው ወይፈን ነው እንዴ? መጥተው ይስሙና ይፍረዱ።»

«እኔ ጸረ ማርያም ቤት አልገባም።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይደለም፣ አዳራሹ ነው። ሻይም አለ።»

ማታ ልጁ ላይ ጮኸባት። ከኔ የደበቅሽውን ለፈረንጅ ልታነቢ ነው ወይ? አላት። ሙሉዬ ቆማ ሰማችውና፣ «እባክዎ አባባ፣ አይምጡ» ብቻ አለችው። አይምጡ ባትለው ኖሮ ምናልባት ይቀር ነበር።

ቅዳሜ ከአዳራሹ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለት ጉባኤ ለሱ ክስ ማስረጃ ሲያቀብል ነው የዋለው። ከቡራዩ የመጣ አንድ ጎረምሳ ኃጢአትን ከተበላሸ ላንድሮቨር ጋር ያመሳሰለ ግጥም አነበበ፤ ከሞተሩ ጀምሮ እስከ ጎማው አልቀረውም። የሱሉልታው ስለ ጾም ሊያነብ ተነሥቶ ስለ ላሞቹ አውርቶ ተቀመጠ። ለሁሉም ይጨበጨባል። ጉባኤውን የምትመራው ፈረንጅ ሴት ለሁሉም ራሷን እየነቀነቀች፣ በተማረችው አማርኛ «በጣም ደኅና ነው፣ በጣም ደኅና ነው» ትላለች። አቶ ዓባይነህ ደኅና ነው በተባለ ቁጥር ዱላውን መሬት ላይ ይመታል።

ሙሉዬ ተነሣች። ያነበበችው ስለ እናቷ ነበር፤ ስለ ቤታቸው፣ በመስኮቱ ስለሚገባው የጠዋት ፀሐይ፣ ስለ ተኛችበት አልጋ። ድምፅዋ እየጠራ ሄደ። የአዳራሹ ሰው ሻዩን አስቀመጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት አዛውንት እንኳ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንቀላፉ የነበሩት፣ ቀና አሉ። አቶ ዓባይነህ ሳያውቀው ወደፊት ተሳበ። ልጁ ትጽፋለች! እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሁሉ እሷ ብቻ ናት የምትጽፈው፤ ይህን ሲያውቅ ደረቱ ተነፋ። «እናቴም ፈገግ ብላ፣ ምንም ሳትናገር ዓይኗን ጨፈነች» ብላ ጨረሰች።

አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። ተጨበጨበ። ፈረንጅዋም ራሷን ነቀነቀችና «በጣም ደኅና ነው» አለች።

ለላንድሮቨሩ ጎረምሳ የተባለው ቃል ለልጁ ተባለላት! አቶ ዓባይነህ ተነሣ።

«ደኅና አይደለም!»

ጭብጨባው ቆመ። ኦቦ ባይሳ የካፖርቱን ጫፍ ያዘ፤ «በዋቃ፣ ይቀመጡ» እያለ ጎተተው። አልሰማውም።

«ይህ በጭብጨባ የሚታለፍ ጽሑፍ አይደለም» አለ። «ነቀርሳ የያዘውን ሰው አስተኝተሽ ሳሉን አላሰማሽንም። ለምን? ፀሐዩን አምጥተሽ አልጋው ላይ ስታሰጪ ላቡን የት አደረግሽው? ከሁሉ የከፋው መጨረሻው ነው። ሰው እንዲህ አይሞትም! እናት አንዲት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ አፏን ዘግታ አትሄድም። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል ወጥቷል። የወጣበት ቦታ ጥርስ እንደ ወለቀ ድድ ይታያል። ፈርተሽ ነው ያወጣሽው። ጎደሎ ነው!»

በሕይወቱ አንድን ጽሑፍ እንዲያ ዘርዝሮ ዘልዝሎ አያውቅም። ከልቡ ነበር፤ ከመምህሩ የወረሰው ትልቁ ስጦታ ያ ነው፣ ያንን በሕዝብ ፊት ሰጣት። አዳራሹ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደ ዘፈነ ሰው ነበር ያየው። የላንድሮቨሩ ልጅ እንኳ አዘነለት።

ሙሉዬ አላለቀሰችም።

«ልክ ነዎት፣ አባባ» አለች። «ቃል ነበረ።»

የአቶ ዓባይነህ ዱላ ከእጁ ወደቀ። «ነበረ? ምንም አላለችም ብለሽ…»

«ለእርስዎ ብዬ ነው ያወጣሁት።»

«ጸሐፊ ለማንም ብሎ አያወጣም!» ድምፁ ተሰበረ። «በይው! ምን አለች?»

ሙሉዬ ወረቀቷን አጥፋ አባቷን ፊት ለፊት አየችው።

«እጄን ይዛ፣ ‹ከእንግዲህ የጻፍሽውን ለአባትሽ እንዳታሳዪ። እኔን አንድ ቀን እንኳ ደግ ሳይለኝ ጨረሰኝ፤ አንቺ እንኳ ትረፊ› አለችኝ።»

ለዓመታት እራት ላይ ሲለምናት የኖረው ቃል ይህ ነው። አፉ ግን የቅኔ ቤት አፍ ነውና ከልቡ ቀድሞ ተናገረ።

«አሁን ሞላ» አለ።

ዱላውን ሳያነሣ ወጣ። ሙሉዬ አልተከተለችውም፤ ጉባኤው እስኪያልቅ እዚያው ዋለች። እኔ ጉባኤ የሚባል ነገር ብዙም አልወድም፤ ሻይ ይፈላበታል፣ ወሬ ይፈላበታል። ያንን ግን ልመስክርለት፤ እዚያ አዳራሽ ባይኖር ኖሮ ያ ቃል ልጅቱ ሆድ ውስጥ በስብሶ፣ ብዕሯንም ይዞ ይቀበር ነበር። እዚያ የሚሰማት ሰው ስላገኘች ቆማ ተናገረችው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጽሑፍ፣ ሳሉንም ላቡንም ቃሉንም አስገብታ ጻፈችው፤ ታተመላትም።

መጽሔቱ ሰበታ የደረሰ ዕለት አንድ ባለጉዳይ ወደ ዋርካው እያውለበለበ መጣ። «የልጅዎ ነው፣ ላንብብልዎ?» አለ። አቶ ዓባይነህ ቀለሙ እስኪደፋ ድረስ ጠረጴዛውን ገፍቶ ተነሣና አባረረው። ከተማው ወሬ አገኘ፤ ምቀኛ ነው ተባለ፣ በገዛ ልጁ የሚቀና ጉድ ነው ተባለ። ኦቦ ባይሳም አልቻለም፣ መጥቶ ወቀሰው።

«አንቱ ሰውዬ፣ አንድ ገጽ ቢያነቡ ምን ይሆናሉ?»

«የእናቷ ኑዛዜ ነው» አለው አቶ ዓባይነህ፣ ቀና ሳይል። «ኑዛዜ ሳፈርስ አይተውኝ ያውቃሉ?»

ጉባኤውን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲረግም ኖረ። ክረምት በመጣና ያች ቅዳሜ በደረሰች ቁጥር ግን ጃንጥላውን ይዞ፣ ከሚሲዮኑ በር ውጭ፣ ከጭቃው ዳር ይቆማል። አንድም ጊዜ አልገባም። ልጁ ስትወጣ ጃንጥላውን ወደሷ ያዘነብልና አብረው ይሄዳሉ።

«አነበብሽ?»

«አነበብኩ።»

«ተጨበጨበ?»

«ተጨበጨበ፣ አባባ።»

«ኤዲያ! እነሱ ለማን የማያጨበጭቡት አለ?»

አንድ ዓመት ግን ሙሉዬ ፊቷ ጠቁሮ ወጣች። መንገዱን ሲያጋምሱ፣ «ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰውዬ ተነሥቶ፣ ጽሑፍሽ ጎደሎ ነው አለኝ» አለችው።

አቶ ዓባይነህ ቆመ። ጃንጥላው ተንጋዶ ዝናቡ አናቱ ላይ ወረደበት።

«ጎደሎ? ማን ነው እሱ? ምን አውቆ ነው? ስሙ ማን ይባላል?»

ስሙን ነገረችው። አቶ ዓባይነህ ከልጁ ጽሑፍ አንዲት መስመር ሳያነብ፣ ያንን ሰውዬ እስኪሞት ድረስ ጠላው።