መርዶ ነጋሪው ገጽ ሲከፍቱ

የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ አቶ ቢሻው «ቀዬ» በሚባለው አዲስ የማኅበራዊ መገናኛ ላይ ገጽ መክፈት ጀምረው ሳይጨርሱ ተዉት። ገጹ ዛሬም አለ። ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፏል። የልደት ቀን ተብሎ የሰፈረው የሳቸው አይደለም። ፎቶግራፍ መግባት በነበረበት ክብ ውስጥ ዓይንና አፍ የሌለው ግራጫ ጭንቅላት ተቀምጧል።

አቶ ቢሻው በእስቴ ወረዳ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን ያኖሩት ሃይማኖት በምትባል ልጅ የካርድ መሸጫና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሰው ግን የሚያውቃቸው በስፌታቸው አልነበረም። መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ አንድ ጊዜ በደንብ ስለነገሩ ሁለተኛ ጊዜ ተጠሩ፣ ከዚያ በኋላ በእስቴም ሆነ ከእስቴ ወጥቶ ለሚኖር ሰው የዘመድ ሞት የሚነገረው በሳቸው አፍ ሆነ። ማታ አይናገሩም። ሰው እራቱን ይብላ፣ እንቅልፉን ይተኛ ይላሉ። ጩኸት ሲሰማ እንዲደርስ ጎረቤቱን አስቀድመው ሹክ ይሉታል። የሚደግፍ ጉልበተኛ ከጎናቸው ያቆማሉ። ጎህ ሲቀድ ከሌሎች ሽማግሎች ጋር በር ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

በዚህ የተነሳ ጠዋት ጠዋት እንደ ሰው ሰው ቤት መሄድ አይችሉም ነበር። የሰፉትን ሱሪ ሊያደርሱ እንኳ ሲወጡ ከሩቁ «በደህና ነው! በደህና ነው የመጣሁት!» እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ቀን ይህን ማለት ረስተው ወደ አንድ ግቢ ቢዘልቁ፣ የቤቱ እመቤት የተሸከመችውን የውኃ ጀሪካን ጥላ ፀጉሯን ይዛ ተቀመጠች። ያመጡላት የልጇን የደንብ ልብስ ነበር። ሲያወሩት ሁልጊዜ ይናደዳሉ። «ልብስ ሰፊ መሆኔን የሚያስታውስልኝ አንድ ሰው ይጥፋ?» ይላሉ።

በዚያ ማክሰኞ ማለዳ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አማረች አረፉ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ዮርዳኖስ ትባላለች፤ ወገዳ ከተማ የሲማዳ ወረዳን ሰው ልደትና ሞት የምትመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ለሷ የሚነገረው እንደ ወጉ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ነው ተባለ። አቶ ቢሻውና ሁለት ሽማግሎች ከቀብር በኋላ ተሳፍረው ወገዳ ዘመድ ቤት እንዲያድሩ ተወሰነ። አቶ ቢሻው ነጠላቸውን ለመውሰድ ወደ በረንዳቸው ብቅ ሲሉ፣ ባጃጅ ነጂው ታሪኩ ስልኩን እንደያዘ መጣ።

«አያ ቢሻው፣ እትዬ አማረችን አዩአቸው? ቀዬ ላይ ወጥተዋል።»

ስልኩ ላይ ወይዘሮ አማረች አሉ። ለአንድ ሠርግ የለበሱትን ቀሚስ ለብሰዋል፤ በግራና በቀኝ ሻማ በርቶላቸዋል። የለጠፈው አዲስ አበባ የሚኖረው፣ ሰውነት የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ነው።

«ዮርዳኖስ እዚህ ነገር ውስጥ አለች?» አሉ አቶ ቢሻው።

«አለች እንጂ! ትናንት እንኳ የወገዳን ጭጋግ አንስታ ለጥፋ ነበር።»

«አይታዋለች?»

«ገና ናት። ቢሯቸው ኔትወርክ የለም፤ የምትከፍተው ማታ ቤቷ ስትገባ ነው።»

«አንተስ እንዲያነሳው ጻፍክለት?»

«ጽፌያለሁ እንጂ! ‹ነፍስ ይማር› ብዬ።»

«አንሳው በለው ነው የምልህ፣ አንተ!»

ታሪኩ ሊጽፍ ጣቱን ሲያሳርፍ ስልኩ ጥቁር ሆነ፤ ባትሪው አልቋል። መብራት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም። ተሳፋሪ ጠራውና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሃይማኖት ከሱቋ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ያለ መብራት የምትሠራው ስለሌላት የምስር እንክርዳድ እየለቀመች ነበር።

«አያ ቢሻው፣ ‹ነፍስ ይማር› ባሉ ቁጥር እኮ ወደ ላይ ይወጣል።»

«ምኑ ነው የሚወጣው?»

«የተለጠፈው። ሰው የተቀባበለውን ነገር ነው ለሁሉም የሚያሳየው። ዮርዳኖስ ስትከፍት መጀመሪያ የሚመጣላት እሱ ነው።»

አቶ ቢሻው መኪናቸው ላይ ተደገፉ። የሞት ወሬ ሰምቶ ነፍስ ይማር ሳይል የሚያልፍ ሰው በዚህ አገር የለም፤ ካለም ሰው አይባልም። ታሪኩ ብሏል፣ የታሪኩ ጓደኞች ብለዋል፣ ደብረ ታቦር ያለው ብሏል፣ አዲስ አበባ ያለው ብሏል። ሁሉም እንዳደጉበት አድርገዋል። እንዳደጉበት ባደረጉ ቁጥር ሻማው ወደዚያች ልጅ እየተጠጋ ነው።

«ለሰውነት ደውይለት።»

«ቁጥሩን ቀይሯል። አዲሱ ማንም ጋ የለም። ቀዬ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።»

«እዚያው ጻፊለት አንቺ።»

ሃይማኖት እንክርዳዱን ለቀም ለቀም አደረገች። «ዘግቶኛል።»

«ለምን ሲባል?»

«አምና ሽማግሌ ልኮብኝ አልፈልግም ስላልኩ።»

«በዚህ ይዘጋል እንዴ ሰው? ሽማግሌው እኔ አልነበርኩ? እኔ ተዘጋሁ?»

«እርስዎማ መች ገብተው ያውቃሉ!»

አቶ ቢሻው ስማርት ስልክ አላቸው። ደብረ ታቦር የምትኖረው፣ ህይወት የምትባለው የእህታቸው ልጅ ገዝታ ሰጥታቸዋለች። ከመደወልና ከመዝሙር ሌላ አልተጠቀሙበትም። አወጡት፤ ሃይማኖት ቀዬን ከራሷ ስልክ ወደሳቸው አሳለፈችላቸውና ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጾም ነው፤ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሱም።

«ስም?» አለች ሃይማኖት።

«ስሜን አታውቂውም?»

«እሱ ነው የጠየቀዎት፣ እኔ አይደለሁም። እሺ፣ ቢሻው። የቤተሰብ ስም?»

«ቤተሰቤን ምን አደረጋቸው?»

«የአባትዎ ይሁን።»

«አባቴ በሰላም ባረፈበት!» አሉ፤ ግን ነገሯት።

የተወለዱበትን ቀን ሲጠይቅ አቶ ቢሻው አንበጣ የመጣ ዓመት ነው አሉ፤ እናታቸው የነገሯቸው ይህንኑ ነው። ሃይማኖት የዓመቱን ተሽከርካሪ ሰጠቻቸውና ወደ ታች ይግፉት አለቻቸው። ቢገፉት ኢሕአዴግን አለፈ፤ ቢገፉት ደርግን አለፈ፤ ጃንሆይ ዘመን ሲደርስ ጣታቸው ላብ ይዞት ተንሸራተተና ተመልሶ ከልጅ ልጆች ጋር ቆመ። እንደገና ገፉት። ደግሞም የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ስትላቸው፣ «ያሻውን ይጻፍ! እዚያው ተወለድኩ በይው!» አሉና ስልኩን መለሱላት። አንዱ ጋ አቆመችው።

«አሁን የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ሰው እንዳይሰማው።»

«ቅዱስ ሚካኤል በይ!» አሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሳይቀር ሰማቸው።

ጻፈችው። ስልኩ ቀይ መስመር አወጣ።

«ምን ይላል?»

«ደካማ ነው ይላል።»

አቶ ቢሻው ብድግ አሉ። «ማን ነው ደካማው? ሚካኤልን ነው ደካማ ያለው?»

«ቃሉን ነው አያ፣ ቃሉን! ቁጥር ጨምሩበት ነው የሚለው።»

«አሥራ ሁለት ጨምሪበት። በዓሉ አሥራ ሁለት ነው። አሁንስ ጠነከረለት?»

ጠነከረለት። ቀጥሎ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ይላካል ተባለ። አልመጣም። ድጋሚ ተጠየቀ፤ አልመጣም። ኔትወርክ የሚሻለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስለሆነ እዚያ ድረስ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ የጠየቁት ሁሉ ቁጥር በአንድ ላይ ዘነበ። የመጀመሪያውን ቢያስገቡ ጊዜው አልፎበታል። ሁለተኛውም አልፎበታል። የመጨረሻው ገባ። በዚህ መካከል የሟች ቤት ለቅሶ ከላይ ይሰማል፤ የሚያልፈው ሰው ቆም እያለ ያያቸዋል። አቶ ቢሻው በቀብር ቀን ከሴት ጋር ስልክ ላይ ተደፍተው!

«ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» አለ ስልኩ። ሃይማኖት አነበበችው።

አቶ ቢሻው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይንኩ ነው የሚለው።»

«እስቴ ውስጥ የትራፊክ መብራት የት አለ?»

«ባሕር ዳር አይተው አያውቁም?»

«ባሕር ዳር የሄድኩት መርዶ ይዤ ነው። መብራት ልቆጥር ነው የሄድኩት?»

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነኩ፤ ተሳሳቱ። የሱቅ ማስታወቂያ ነኩ፤ ተሳሳቱ። ሃይማኖት ነጥቃ ነካችላቸው። ሰው መሆናቸው ተረጋገጠ።

«አሁን ፎቶ ብቻ ነው የቀረን። ፎቶ ከሌለው ገጽ የተላከ መልእክት ለማይተዋወቁት ሰው አይደርስም። ነጠላውን ከራስዎ ላይ ያውርዱት፤ ፊትዎ አልታየም ይላል።»

አወረዱት። ስልኩን ፊት ለፊታቸው ያዘችላቸው። ስልኩ ክብ ሠራና ፊታቸውን ያዘ። ከክቡ ሥር ጽሑፍ መጣ።

«ምን አለ አሁን ደግሞ?»

ሃይማኖት ወደ ሟች ቤት ዞር ብላ አየች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ፈገግ ይበሉ ነው የሚለው።»

ለቅሶው ከላይ መጣ፤ አስለቃሿ የወይዘሮ አማረችን ስም ጠርታ እጆቻቸውን ታወድሳለች። አቶ ቢሻው ነጠላቸውን መልሰው ራሳቸው ላይ ጣሉ።

«ዝጊው።»

«አያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአፍታ! ልጅቱን ያስቡ።»

«ስለማስባት ነው። አማረች ቤቷ ተገንዛ ነው የምስቀው? ዝጊው ብያለሁ።» ስልኩን ተቀበሏትና የሚያውቁትን አረንጓዴ ምልክት ነኩ። «ውባለምን ፈልጊልኝ።»

ውባለም ወገዳ ላይ የዮርዳኖስ አከራይ ናት። ቁጥሯ የተገኘው ካቻምና የወንድሟን መርዶ ያደረሱላት እሳቸው ስለነበሩ ነው። ስልኩ ጠራ፤ ተነሳ።

«ሃሎ ውባለም፣ ቢሻው ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ የመጣው ጩኸት ነው። ሃይማኖት እንኳ ጆሮዋን ያዘች።

«ማን ሞተብኝ? ወይኔ! ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተብሽም! በደህና ነው! አንቺ ሴትዮ፣ በደህና ነው እኮ! አፍሽን ያዢና ስሚኝ!»

ጮኻ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ዮርዳኖስ ቢሮ ድረስ ሄደሽ ልጄ ይደውልልኛል፣ ስልኬ ተበላሽቶብኛል ብለሽ ስልኳን ተዋሺ። አትመልሺላት። ብትቆጣሽም ብትሰድብሽም አትመልሺላት። እራቷን አብሊያት። ጠዋት እኛ እንመጣለን።

ውባለም አሁን በእውነት አለቀሰች። «ወይ እትዬ አማረች!»

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ፊትሽን ታጠቢ» አሏት። «ፊትሽን ሳትታጠቢ እንዳትሄጂ።»

ከቀብር መልስ ተሳፈሩ። አቧራውና ድንጋዩ ሲያንገጫግጫቸው አቶ ቢሻው ለሁለቱ ሽማግሎች ስለ ቀዬ ሊያስረዱ ሞከሩ። ሻማውን፣ ሚካኤልን ደካማ ማለቱን፣ ሰው መሆንህን አረጋግጥ ማለቱን ነገሯቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ፈገግ በል ካለህ በኋላስ?» አሏቸው። «በኋላማ እኔ እንጃ» አሉ አቶ ቢሻው።

ጎህ ሲቀድ ውባለም ግቢ በር ላይ ቆሙ። ከውስጥ ጭቅጭቅ ይሰማል። ዮርዳኖስ ሌሊቱን በንዴት ያደረች ትመስላለች።

«እትዬ ውባለም፣ ስልክ እኮ የተዋሱት ትናንት ነው! ልጅዎ እስካሁን ሊደውል ነው? ጠፋብኝ ካሉኝ ይንገሩኝ፤ ካልሆነ አምጡልኝ!»

በሩን በርግዳ ወጣች። ሽማግሎቹን አየቻቸው። መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያሉትን አየች፤ ከዚያ መካከል ላይ አቶ ቢሻውን። እሳቸው «በደህና ነው» አላሉም።

ሻማውን አላየችም። ያን ማለዳ መርዶውን የሰማችው ከሰው ፊት ነው፤ ስትወድቅም የያዛት የሰው እጅ ነው።

አቶ ቢሻው ያረፉት በዚያው ጾም መገባደጃ ላይ ነው፤ ከመኝታቸው አልተነሱም። አንድ ሰው ወዲያው ፎቶግራፋቸውን ቀዬ ላይ ለጠፈው፤ ሰዉ ነፍስ ይማር አለ፤ ወደ ላይ ወጣ። ህይወት የአጎቷን ሞት ያወቀችው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ ላይ፣ ብቻዋን ነው። የሳቸውን መርዶ ይዞ የሚሄድ ነጋሪ አልተገኘም።

የዮርዳኖስ ስልክ በዚያ ሁሉ ግርግር ተረስቶ ነበር። ውባለም የደበቀችው የገብስ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ነው። አቶ ቢሻው ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ወገዳ ገበያ ክር ሊገዙ ሄደው ከጆንያው አስወጡት። ወደ መካነ ኢየሱስ አመጡት፤ ዱቄቱን በስፌት መኪናቸው ብሩሽ ከየቀዳዳው ጠረጉት፤ መብራት መጥቶ ስለነበረ ሃይማኖት ሱቅ ቻርጅ አስደረጉት። በማግሥቱ ጠዋት ዮርዳኖስ ወዳለችበት ወደ እናቷ ቤት ይዘውላት ሄዱ። ከመታጠፊያው ጀምረው፣ ግቢው ገና ሳይታይ፣ «በደህና ነው! በደህና ነው የመጣሁት!» እያሉ ነበር። ወጥታ ተቀበለቻቸው።