ፊቷን ያዞረችው ግመል

ዋሲሁን የሚቀመጥበት ወንበር ሁሉ እሾህ ያለበት ይመስላል። ኩዌት፣ ሳልሚያ ውስጥ የአንዲት ማዳም ሹፌር ነው። ማዳም ፀጉር ቤት ስትገባ ሌሎቹ ሹፌሮች ወንበራቸውን አጋድመው ያንኮራፋሉ፤ እሱ ግን ላፕቶፑን መሪው ላይ አስደግፎ የእንስሳ ፎቶ ወደ ሥዕል ይለውጣል። ፎቶውን ከሥር አድርጎ ያደበዝዘዋል፣ በላዩ ነጥብ እየጣለ በመስመር ያያይዛል። ፀጉሩም ጥላውም ቀርቶ ሦስት ቀለምና ጥቂት መስመር ብቻ ይተርፋል። አንድ ጊዜ ፋርዋኒያ ላለው የጸሎት ኅብረታቸው ቲሸርት በግ ሠርቶ፣ ዘማሪዋ ኤልሣቤጥ «ወንድሜ፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ወይፈን?» ብላ ሰዉን በሳቅ ፈጀችው። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ሲያርመው ከረመ። አለቀ ማለት አይሆንለትም።

የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ከመሪው መገላገል። ፋሐሂል ውስጥ የመኪና ስቲከር የሚያትም ሙሐሲን የሚባል ግብፃዊ ሥራዎቹን አይቶ ነበር። «አንድ አስቸጋሪ ደንበኛ አለኝ። እሳቸው ከወደዱልህ ኢቃማህን ወደ እኔ ሱቅ አዛውርልሃለሁ» አለው። የመኖሪያ ፈቃዱ በማዳም ስም ስለሆነና ሌላ ሥራ መያዝ ስለማይችል፣ ከዚህ የበለጠ ቃል ሊገባለት የሚችል ሰው የለም። ከዚያን ቀን ወዲያ ዋሲሁን ዕረፍት አጣ።

ደንበኛው አብዱልከሪም የሚባሉ ኩዌታዊ አዛውንት ናቸው። የሞተችባቸውን ግመል በመኪናቸው የግራ በር ላይ ሊያስለጥፉ ፈልገው አንድ ፎቶ ሰጡ። ዋሲሁን አንገቷን በአንድ መስመር አወጣው፤ ጉንጯ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ እንኳ ጌጥ መስሎት አልተወውም። ከዚያ ጣቱ አላርፍ አለ። ፎቶው ላይ ግመሏ ወደ ቀኝ ነው የምታየው፤ በግራ በር ላይ ስትለጠፍ ወደ ኋላ ልትሄድ ነው። አንድ ቁልፍ ተጫነና ፊቷን ወደ ግራ አዞራት። በብልሃቱም ተደሰተ።

አዛውንቱ ሊያዩ በመጡበት ቀን፣ ማዳምን ፀጉር ቤት አውርዶ ሳያስፈቅድ ወደ ፋሐሂል በረረ። አብዱልከሪም ስክሪኑን ሲያዩ መጀመሪያ ፊታቸው በራ፤ ቆይቶ ጠቆረ።

«ይቺ የእኔ አይደለችም» አሉ።

ሙሐሲን ደነገጠ። «ሐጂ፣ ከራስዎ ፎቶ እኮ ነው የተሠራችው!»

«የቤተሰቤ ምልክት በቀኝ ጉንጭ ነው የሚተኮሰው። በግራ የሚተኩሱት ሌሎች ናቸው። ግመሌን ለሰው ሰጠሃት፣ ልጄ!»

ዋሲሁን ጠባሳውን እንደገና አየው። ለካ ጌጥ የመሰለው ጠባሳ የባለቤቷ ስም ኖሯል! በዚያ ላይ ስልኩ ኪሱ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማዳም ናት።

«ዐሚ፣ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁኑኑ እመልሳታለሁ» አለ። ግመሏን ወደ ቀኝ አዞራት። «ቀኝ በር ላይ ትለጠፍ። እዚያ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ምልክቷም በቦታው ይሆናል።»

አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። በጣታቸው ጉንጯን ነኩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አሁን የእኔ ናት» አሉ በቀስታ። ከዚያ ወደ ሙሐሲን ዞር ብለው በአገጫቸው ዋሲሁንን አመለከቱ።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ሙሐሲን፣ ሳያመነታ።

ዋሲሁን ስንት ጊዜ ተንበርክኮ አምላኩን የለመነው ይህንን ቃል ነበር። ደስ አለው፤ እውነት ነው፣ ደስ አለው። ወዲያው ግን የግመሏ ጠባሳ ትዝ አለውና የገዛ ጉንጩን ዳበሰ። ጥያቄው ለእሱ ቢቀርብለት ምን ብሎ ይመልስ እንደነበር አሰበ፤ የማዳም ስልክ አሁንም ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አብዱልከሪም በመልሱ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና ወደ ግመላቸው ዞሩ።