ትኋን የለም ያልኩ ቀን

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የምንኖርበት አሮጌ አፓርታማ ሊፈርስ ነው፣ ከተማውም ሌላ ቤት ይሰጣችኋል ስንባል «ሳይደግስ አይጣላም» አልን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሊፍቱ ከቆመ ከርሟል። ትኋንም ነበረው። የትኋኑን ነገር ግን ማንም አያነሳውም ነበር፤ ገመና ነዋ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ በሐምሌ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሰን ስለ ኪራይ እናወራለን።

ከመዛወራችን በፊት ከቤቶች ቢሮ አንዲት ወጣት ፎርም ይዛ በየቤቱ ዞረች። እማማ የምላቸው ጎረቤቴ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከቤት ዕቃቸው ሁሉ የሚሳሱለት አንድ ነገር ነው፤ ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት በእጃቸው የሠሩት የእንጨት አልጋ።

ልጅቷ ጫማዋ ላይ ፕላስቲክ አጥልቃ ገባች። ያ ፕላስቲክ አበሸቀኝ። ትኋን ካለ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በነፃ፣ በሙቀት እንደሚያፀዱት ነገረችን። ለእማማ ተረጎምኩላቸው።

«አለ እንጂ ልጄ! አልጋዬን ወሮታል፣ ንገሪያት» አሉ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

እኔ አፈርኩላቸው። ልጅቷ ቢሮዋ ገብታ «እነዚያ ሐበሾች» ስትል ታየኝ። ደግሞ የእሳቸው ቤት ከተገኘ የእኔም ፍራሽ መገለጡ አይቀርም። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኖ፣ ሺ ኢዝ ቬሪ ክሊን» አልኳት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ፎርሙ ላይ ምልክት አደረገች። እማማም ያልኩት ሳይገባቸው «ተባረኪ» አሉኝ።

አዲሱ ሕንፃ ገና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ትኋኑ ተከትሎን መጣ። የተነከሰ ክንዳቸውን ገልጠው ለሕንፃው ማኔጀር ያሳዩት እማማ ብቻ ናቸው፤ እኔ ያው እጅጌዬን ለብሼ ዝም አልኩ። ስለዚህ ያመጡት እሳቸው ናቸው ተባለ።

ማኔጀሩ ቢሮው አስጠራን። ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ያኔ «አለ» ብለው ቢሆን ኖሮ አሁንም አልጋውን በነፃ እናፀዳ ነበር፣ ለደበቀ ሰው ግን አናፀዳም፣ ይጣላል አለ። ለምን እንደዋሹም ጠየቃቸው። እኔ ቃሉን አለዝቤ «ለምን አልተናገሩም ነው የሚለው» አልኳቸው።

እማማ ሳቁ። «እንዴት አልተናገርኩም? አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስተረጎምሽልኝ? ያቺ ልጅ ናት ያልሰማችው፣ ንገሪው እንጂ!»

ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ በልቤ።

«ሺ ሴይስ ሺ ኢዝ ሶሪ» አልኩት።

የሰውየው ፊት ፈታ አለ፣ ግድ የለም እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። እማማ እጄን ጎተት አድርገው «ምን አለ?» አሉኝ።

«ይቅርታ ነው የሚለው። አልጋውን ግን ማትረፍ አልችልም አለ።»

ሠራተኞቹ አልጋውን አፈራርሰው ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲወስዱት እማማ አጠገብ ቆሜ ነበር። አላለቀሱም። ጭራሽ እኔኑ ትከሻዬን ደባብሰው «አንቺስ ነግረሻቸው ነበር፤ ካልሰሙ ምን ታደርጊ» አሉኝ።

ዛሬም ጎረቤታሞች ነን። ደብዳቤ በመጣላቸው ቁጥር ሳይከፍቱ ለእኔ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሌላ ሰው ያጣምምብኛል ይላሉ።