የተሰፋባት ቀሚስ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ወደ ቤቴ በመጡ ቁጥር ጾም ስለ መግደፌ፣ ስለ መጠጡ፣ ከደንበኛ ጨርቅ ቀንሼ ስለማስቀረው ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናዬን ተቀብዬ ሰግጃለሁ። ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለምን መሰለዎት? ሲሰሟት ኃጢአት አትመስልም። «ልጅህን ቀሚስ ማልበስህ ምን ነውር አለው?» ብለው እንዳያቃልሉልኝ ፈራሁ። እኔ ደግሞ እንዲቃለልልኝ አልፈልግም። ስለዚህ ለማያውቁኝ ለእርስዎ ልናገር፤ ሳያዝኑልኝ ይስሙኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ የቀበሌ ቤት፣ ደጃፉ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሱሪ ማሳጠር ነው፣ ዚፕ መቀየር ነው፣ ዩኒፎርም ነው፣ ሙሉ ልብስ ነው፤ በዚያ ሰፈር ሜትሬን ትከሻው ላይ ያላሳረፍኩበት ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ከገዛ ልጄ በቀር።

ሊያ አንድ ልጃችን ናት። ገና በጨቅላነቷ በፎጣ ሲጠቀልሏት ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። መራመድ ስትጀምር የካልሲዋ ስፌት ጣቷ ላይ ካረፈ አንድ እርምጃ አትሄድም። ሹራብ ሳነሳ ካየች አልጋ ሥር ትገባለች። አንገት ላይ የምትሰፋዋ ማርካ፣ እኔ እንኳ መኖሯን የማላስተውላት፣ እሷን እንደ ተርብ ትነድፋታለች። ዛሬ ሐኪሞቹ ለዚህ ስም አላቸው ሲሉ እሰማለሁ። ያኔ እኛ የነበረን ስም አንድ ነው፤ ሞልቃቃ። ጎረቤቶች ጸበል አሉኝ፣ ጸበል ወሰድኳት። ዱላ አሉኝ፣ እሱንም አልተውኩትም።

የምትወደው ልብስ አንድ ብቻ ነበር። የእኔ አሮጌ ካናቴራ። ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ካናቴራ፤ እሷ ላይ ጉልበቷ ድረስ ይወርዳል። እሱንም ገልብጣ ነው የምትለብሰው፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ። አንድ ልብስ ሰፊ ከዚህ በላይ ምን ይነገረው? ልጅቷ የት ላይ እንደሚያማት በገዛ አካሏ እያሳየችኝ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ልጄን አልነበረም፤ የደንበኞቼን ዓይን ነበር። «የሰፊ ልጅ ገልብጣ ለብሳ!» እያሉ ሲስቁ ጆሮዬ ይቃጠል ነበር። ሙያዬን የምታሰድብብኝ መሰለኝ። በልጄ አፈርኩ፤ ይኸው አልኩት።

ባለቤቴ አስቴር ሊያ አራት ዓመት ሲሆናት ለሥራ ቤሩት ሄደች። እሑድ እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ቤት ትደውልና እየሮጥን እንሄዳለን። ሊያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የእናቷን እስትንፋስ ትሰማለች እንጂ ብዙ አታወራም። አስቴር ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ትወደኛለች? ወይስ ረስታኛለች?»

ሊያ ሰባት ዓመት ሲሞላት አስቴር በአንዲት ለዕረፍት በመጣች ጓደኛዋ እጅ ቀሚስ ላከችላት። ሮዝ ነው። አንገቱ ጠንካራ ዳንቴል፣ ደረቱ በሚያብለጨልጭ ጌጥ የተሞላ፣ ከወገብ በታች መረብ የመሰለ ድርብርብ ቱል። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየው። አስቴር በስልክ ያለችኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ «ሌላ ምንም አልፈልግም። እኔ በገዛሁላት ልብስ ፎቶ አንሳልኝ። ጓደኛዬ እሑድ ስትመለስ በእሷ ላክልኝ፤ አደራ!»

ሦስት ጊዜ ላለብሳት ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ዚፑን አንገቷ ድረስ ስስበው እጇን ወደ ኋላ ልካ አወረደችውና ከላይዋ ጣለችው። አታለቅስም፤ ብቻ ትጥለዋለች። ገልብጬ አየሁት። የጌጡ ክር ውስጥ ለውስጥ እየተቋጠረ የቀረ ነው፣ የስፌቱ ጠርዝ ሸካራ ነው። አየሁ እንግዲህ። አላየሁም ልል አልችልም። ከአሮጌ አቡጄዲ ገበር ቆርጬ ባስገባበት ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም ነበር። ለማላውቀው ሰው ኮት በየቀኑ ገበር አስገባ የለም እንዴ? ነገር ግን የውጭ ዕቃ ነዋ! ያኔ ለውጭ ዕቃ የነበረንን ክብር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የቤሩት ልብስ በእኔ መርፌ አይበላሽም አልኩ። ይህን ምክንያት ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ በሰባት ዓመት ልጅ መሸነፍ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አቆምኳት። ቀሚሱን አለበስኳት፣ ዚፑን ሳብኩ፤ እጇ ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት መርፌዬን አነሣሁ። ድርብ ክር ነበር ያስገባሁበት። እጇ ቢደርስበትም እንዳትፈታው፣ ማጅራቷ ላይ፣ ዚፑ እንዳይወርድ አድርጌ ሰፋሁት። ከዚያ የእጅጌዎቹን ጫፍ አጥብቤ ሰፋሁ። የውጭ ዕቃ አልነካም ያልኩት ሰውዬ ያን ጊዜ መርፌው አልከበደኝም።

ሊያ ፍንክች ሳትል ቆማ ነበር። ለምን አልታገለችም? ገና ስጀምር አንገቷን ወደ እኔ ዞር አድርጋ፣ «አባዬ፣ እያስተካከልክልኝ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አምና ነው የቆመችልኝ። እኔ እስክጨርስ ትንፋሿን ይዛ፣ አባቷ የሚያማትን ነገር የሚያወጣላት መስሏት። እኔ አባቷ ሰፋሁባት። እየዋሸሁ ሰፋሁባት።

ፎቶ ቤቱ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። መንገዱን ሁሉ እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ሄደች። ዚፑን ሞከረች፣ አልሆነም። እጅጌውን ሞከረች፣ አልሆነም። ያኔ ገባት መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝና ከዚያ በኋላ አላየችኝም። ፎቶ አንሺው «እጅሽን ዝቅ፣ የኔ ቆንጆ» ቢላት አላወረደችም። ከንፈሯ ተገልጦ ጥርሷን ነክሳ እጆቿን ወደ ፊትና ወደ ጎን ዘርግታ ቆመች። ብልጭ አለ። ሰውዬው «ውይ፣ ስታምር!» አለ። እኔም ከፈልኩና ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ለሠርግ የሚለብሰውን ሱሪ ሊለካ ነው የመጣው። «ቆይ፣ አንዴ» አልኳትና ወደ እሱ ዞርኩ። ለካሁት፣ አጠበብኩለት፣ አጫወትኩት። እሷ አልጋውና ግድግዳው መሀል ሳትቀመጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ሱሪው አልቆ ተተኩሷል። መቀሱን ይዤ ስጠጋት ሸሸች። ክሩን ስፈታ አንገቷ ዙሪያ ቀልቷል፣ ብብቷ ተልጧል። ካናቴራዋን ገልብጣ ለበሰችና ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜትሬን ሰውነቷ ላይ እንዳሳርፍ ፈቅዳልኝ አታውቅም።

ፎቶው ሄደ። በሁለተኛው እሑድ አስቴር ደወለች። እያለቀሰች ነበር፣ በደስታ። «እየሳቀች እኮ ነው! እጇንም ዘረጋችልኝ! እኔን ልታቅፍ ነው አይደል? ንገረኝ፣ ምን ብላ ነው?» አለችኝ።

በሰው ቤት ሳህን ስታጥብ የምትውል ሴት ናት። «ማሚን ላቅፋት ነው ብላ ነው» አልኳት። ሊያ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሰማችኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን የምነግርዎ ካሣ ይሁንልኝ ብዬ አይደለም። ሙያ አለኝ እያልኩ የምኮራው ሰውዬ ሰልባጅ ተራ እየሄድኩ ከክምሩ ውስጥ ብዙ የታጠበ፣ የሳሳ ጥጥ እፈልግ ጀመር። ክንዴን ገልብጬ በስሱ ቆዳ እያሻሸሁ ነበር የምመርጠው። ማርካውን በምላጭ እያነሳሁ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ እያወጣሁ፣ በዓይኔ ገምቼ እሰፋላትና ወንበር ላይ አጥፌ አስቀምጥላታለሁ። አንዳንዱን ትለብሰዋለች፣ አንዳንዱ እንደታጠፈ ይቀራል። አንነጋገርም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን እንዲያ ለብቻችን ኖርን።

አስቴር ስትመለስ ሊያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወፍራም የሱፍ ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ ላይ ጨምቃ አቀፈቻት። ሊያ እንጨት ሆነች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ከእቅፏ ወጣች። አስቴር ክው ብላ ቆመች። ከቦርሳዋ ያን ፎቶ አወጣች፣ ጠርዙ ተበልቷል። «ያኔ እንዲህ ታደርጊልኝ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ። ምን አደረግሁሽ?» አለቻት።

ሊያ ፎቶውን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እስክትናገር ጠበቅሁ። ትናገር ብዬም ጸለይኩ፣ እንዳትናገርም ጸለይኩ።

«ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለች።

በቃ ይኼው ነው። ለእኔ አዝና ይሁን፣ ለእናቷ አዝና፣ አልጠየቅኋትም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አፌን ብከፍት ኖሮ አስቴር ታውቅ ነበር። ልጇ የሸሸችው ሱፉን እንጂ እሷን አለመሆኑን፣ ኮቷን አውልቃ ዝግ ብላ ብትቀርባት እንደማትሸሻት ታውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ትቻት በመሄዴ ልጄ ጠላችኝ ብላ እንድታምን ተውኳት። ያን ቀን ብቻ? ከዚያ ወዲህ ባለው ዓመት ሁሉ፣ በየቀኑ ዝም አልኩ።

ሰፈራችን ሲፈርስ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባን። አስቴር ፎቶውን አስተልቃ ሳሎን ሰቀለችው፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ሊያ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፣ ለብቻዋ ተከራይታ ትኖራለች። እሑድ ምሳ ልትበላ ስትመጣ ለፎቶው ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ባለፈው እሑድ አስቴር በእጇ የሠራችውን ሹራብ ሰጠቻት። ክረምቱን ሙሉ ስትሠራው ነበር፤ አየሁ፣ አልከለከልኳትም። ሊያ አመሰገነች፤ ስትሄድ ሹራቡ ሶፋው ላይ እንደታጠፈ ቀረ። አስቴር አንስታ ታቀፈችው። «እኔ የነካሁትን አትነካም» አለችኝ። «ረስታው ነው፣ ሥራ ስለሚበዛባት ነው» አልኩ።

ትናንት ያን ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁት። ማጅራቱ ላይ የመርፌዬ ቀዳዳዎች ዛሬም ተደርድረው ይታያሉ፤ እጄን አውቀዋለሁ፣ ልክክ ያለ ስፌት ነው። ነገ እሑድ ነው፤ ሊያ ለምሳ ከመምጣቷ በፊት ቀሚሱን ፎቶው ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አስቴርን እጠራታለሁ። ቸኩዬ ነው አልልም፤ አላውቅም ነበር አልልም፤ ለአንቺ ብዬ ነው ብዬም በእሷ አላመካኝም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የሷ ነው። ሊያን ግን ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት በእናቷ ፊት የወሰድኩባትን እውነት ልመልስላት። የምናገረውን ደጋግሜ ለራሴ ብዬዋለሁ፤ አጭር ነው። «አስቴር፣ እጇን የዘረጋችው ለማቀፍ አልነበረም። ጨርቁ እንዳይነካት ነው። ማውለቅ ያልቻለችው እኔ ስለሰፋሁባት ነው።»